የተፋቀው የሻንሲ ቁጥር

ጋራዥ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ደንበኛ ከአባታቸው የወረሷትን አሮጌ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ እንድናዘጋጅላቸው አመጡ። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱን ጨረስን። የቀረው የሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አካል፣ ዝገት ነበር። ዝገት የበላው ሻንሲ ምርመራ ላይ ይጥላል። ብረት የሚፍቀውን ማሽን፣ ግራይንደሩን፣ አንስቼ ገባሁበት።

ብረቱ ሲያበራ ደስ አለኝ። አለቃዬ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ።

"ቁጥሩስ?" አለኝ።

ከፊት ጎማው በላይ፣ ዝገቱ ሥር፣ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ነበር። የተረፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው። ሌላው ልሙጥ ብረት ሆኗል።

ሞተር ቢቀየር፣ ቀለም ቢቀየር፣ ለውጡን ማስመዝገብ ይቻላል። የሻንሲ ቁጥር ግን የመኪናዋ መታወቂያ ነው። መርማሪው ብረቱ ላይ ያለውን ከሊብሬው፣ ከመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል። የተፋቀ ካየ ቀድሞ የሚጠረጥረው ስርቆትን ነው። አዳዲስ መኪኖች ቁጥራቸው 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከፊት መስታወቱ ሥር ይደገማል። ይህቺ ግን ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራች ናት። ቁጥሯ አጭር ነው። ሞተሩ ጋ የነበረው፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳም ከዓመታት በፊት ወድቋል።

አንዱ ባልደረባችን የቁጥር መምቻዎቹን ይዞ መጣ። "ከሊብሬው አይተን እንምታው፤ ማን ያውቃል?"

አለቃዬ ተቆጣ። "እስካሁን ያለው ስህተት ነው። አንተ ከመታኸው ግን ወንጀል ይሆናል።"

ባለቤቱን ጠራን። "ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ብረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። "አባቴ ይቺን ቁጥር በቃሉ ነበር የሚያውቃት" አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም። ያ ቀን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

አለቃዬ የሆነውን ሳይደብቅ በደብዳቤ ጻፈ። የድሮ የምርመራ ወረቀቶችንና የብረቱን ፎቶ አያይዞ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስገባ። ባለሙያዎች መጥተው የሞተር ቁጥሩን አመሳከሩ፤ ሻንሲውን ፈተሹ። በመጨረሻ በእነሱ ፈቃድና በእነሱ ፊት ቁጥሩ እንደገና ተመታ። መኪናዋ ሦስት ወር ሙሉ ቆማለች።

አሁን አሮጌ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ሊብሬውን እቀበላለሁ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ እፈልግና በሽቦ ብሩሽ፣ በእጄ፣ ቀስ ብዬ አጸዳዋለሁ። ጠመኔ ስቀባበት ቁጥሩ ጎልቶ ይነበባል። ባለቤቱ ባሉበት ከሊብሬው ጋር አነባለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ዳግም እንዳይዝግ ግሪስ እቀባዋለሁ። እስከዚያ ግራይንደሩ አይሰካም።