«ዌይት ፎር»፦ «ጠብቀኝ» ስንል የምትጠፋው ፎር

«ጠብቀኝ» ስንል «ኝ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትመጣለች። «ዌይት ሚ» የሚለው ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው። የእንግሊዝኛው «ዌይት» ሰውን ወይም ዕቃን በቀጥታ ተሳቢ አድርጎ አይቀበልም፤ መስተዋድድ ይፈልጋል፦ «ዌይት ፎር ሚ»።

ደንቡን መሸምደድ ብዙ አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ «ጠበቀ» ያለባቸውን 20 የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ጽፌ በትርጉም መለየቴ ነው፤ የእኛ «ጠበቀ» የብዙ ግሶችን ሥራ ይሠራልና። ታክሲ መጠበቅ «ዌይት ፎር» ነው። በር መጠበቅ «ጋርድ»፣ ቃልን መጠበቅ «ኪፕ»። «ዋጋው ይቀንሳል ብዬ እጠብቃለሁ» ደግሞ «ኤክስፔክት» ነው፤ ግምት እንጂ ቆይታ የለበትም። በ«እስኪመጣ ቆየሁ» ሊተካ የሚችለውን ብቻ ለ«ዌይት ፎር» ተውኩት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ለማለት «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ?» ብሎ ማቆም ይቀናናል። ተሳቢው ወደ ፊት ስለሄደ ፎር መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቀራለች፤ ጆሯችን ይህን ስላልለመደ ይጥላታል። እኔ መልሱን አስቀድሜ ሙሉ አድርጌ እላለሁ፦ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ሳራ»። ከዚያ ሳራን አውጥቼ «ሁ»ን ፊት አደርጋለሁ፣ ፎርን ግን ከቦታዋ አላነቃንቃትም፦ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» «ዘ ባስ አይ ዋዝ ዌይቲንግ ፎር» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ፎር የጊዜ ርዝመትንም ስለምታመለክት ሁለት ፎሮች ሊገናኙ ይችላሉ። አንዷ ትቅር ከተባለ የጊዜዋ ትቅር፦ «አይ ዌይትድ ቱ አወርስ ፎር ዘ ባስ»። የአውቶቡሷ አትነካም። «እስኪመጣ ጠበቅሁት» ደግሞ «አይ ዌይትድ ፎር ሂም ቱ ከም» ነው።

ያው መጠበቅ ማለት የሆነው «አዌይት» ፎርን ፈጽሞ አይወስድም። «ዌይት ዩር ተርን» (ተራህን ጠብቅ) ግን ያለ ፎር እንዳለ የሚያዝ ነው። «ዌይት ኦን» በተለምዶ ምግብ ቤት ውስጥ እንግዳ ማስተናገድ ስለሆነ ከ«ፎር» ጋር አይቀላቀል።

በማመልከቻ መጨረሻ ላይ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ» መጻፍ የሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢውን የሚያጣድፍ ይመስላል። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ይሻላል። እዚህ ከ«ቱ» በኋላ የሚመጣው «ሂር» ሳይሆን «ሂሪንግ» ነው።