የስኖሞቢሉ ውኃ የት ገባ?

ካናዳ መካኒክ ነኝ ስል ሰው ሁሉ መኪና ይመስለዋል። መኪናም እነካለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ከእጄ የማይጠፋው ስኖሞቢል ነው። ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥሩ የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ ሞተር ሳይክል ላይ እንደሚወጣው ተፈናጠው የሚነዱት የበረዶ ተሽከርካሪ ማለት ነው። የምኖረው አልበርታ ነው። እዚያ ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲገባ ወሬ አይሆንም።

ዘንድሮ ለገና ባሕር ዳር ነኝ፣ እናቴ ቤት፣ ሽምብጥ። አለቃዬ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ጥዬው ስለመጣሁ ፊቱን አጥቁሮብኛል፣ ይሁን። እዚህ ደግሞ የዘመድ ጥያቄ አላልቅ ብሏል። ደመወዝህ ስንት ነው ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው "ያ በረዶ ላይ የሚሄደው ነገር ምኑ ይበላሻል?" የሚለው ነው። ምኑ የማይበላሽ አለ! እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የማይታይ የኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ መፍሰስ ነው። ዕቃው ውስጥ ያለው ይጎድላል፣ ወለሉን ስታየው ደረቅ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ቆሞ ዓይን ዓይንህን ያያል።

አጎቴ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳል። ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ያመላልሳል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ስልኬ ላይ የስኖሞቢል ሞተር ፎቶ ሳሳየው ትንሽ አገላብጦ አየና "ልጄ፣ ራዲያተሩ የታለ?" አለኝ። ጎበዝ! ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም።

በኩላንት የሚቀዘቅዙት አብዛኞቹ ስኖሞቢሎች መኪና ላይ የምናውቀው ዓይነት ራዲያተር የላቸውም። ኩላንቱ ከሞተሩ ወጥቶ ከመቀመጫው ሥር፣ ልክ ከሚሽከረከረው ሰንሰለት በላይ በተዘረጉ የአልሙኒየም ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያልፋል። ሰንሰለቱ በረዶውን እየቧጨረ ወደ ላይ ይረጨዋል። በረዶው አልሙኒየሙ ላይ ይቀልጣል፣ ኩላንቱም በርዶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩን የሚያበርደው የሚሄድበት መንገድ ራሱ ነው።

ለአጎቴ ይህን ማስረዳት ጊዜ አልፈጀም፣ ምክንያቱም የእሱም ሞተር ራዲያተር የለውም። ከጀልባው ኋላ የተንጠለጠለው ሞተር የጣናን ውኃ ከሥር ይስባል፣ ሆዱ ውስጥ ያዞረዋል፣ ከዚያ መልሶ ይተፋዋል። ከጎኑ በቀጭኑ የሚወጣው ውኃ ከቆመ ቶሎ ሞተር ማጥፋት ነው። እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ መሳቢያው በቅጠልና በሥር እየተደፈነ ስንቴ መሀል ሐይቅ ላይ እንዳስቆመው ሲያወራኝ አመሸ። "እናንተ በረዶ ካጣችሁ፣ እኛ እምቦጭ ካገኘን፣ ያው ነው" አለ።

እውነቱን ነው። ስኖሞቢል ልስላሴ ያለው በረዶ ካላገኘ ይግላል። በተለይ የረጋ ሐይቅ ላይ፣ በረዶው እንደ መስታወት ጠጥሮ የሚረጭ ነገር ከሌለ፣ ሙቀቱ በአንዴ ሽቅብ ነው። ለዚህ ተብሎ ከኋላ የሚንጠለጠሉ ቀጫጭን የብረት ጥፍሮች አሉ፣ በረዶውን እየቧጨሩ ብናኙን ወደ ማቀዝቀዣው ይልካሉ። ሐይቅ ላይ በሞተር ይነዳል ስለው ግን አጎቴ ስለ ጥፍሩ መስማቱን ተወ። "ጣና እንዲያ ቢጋገር እኔ ምን ሊውጠኝ ነው?" ብሎ ሳቀ።

እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የከነከናት። "ይኼ ሁሉ ለጨዋታ ነው?" አለች። ለብዙዎቹ አዎ። ግን አነሳሱ ጨዋታ አልነበረም። ኩቤክ ውስጥ ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲየር የሚባል መካኒክ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ለመሥራት ይታገል ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ክረምት ሕፃን ልጁ ታመመበት፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ማድረስ አልቻለም፣ ልጁ ሞተ። በ1937 ሰባት ሰው የሚጭን የበረዶ መኪና አወጣ። ዛሬ የምናውቀውን ትንሹን፣ ስኪዱ የሚባለውን፣ ገበያ ላይ ያዋለው በ1959 ነው። እማዬ "አይ ልጅ!" ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም።

አሁን ወደ ኩላንቱ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስኖሞቢሉን ጭኖ መጣ። የሙቀት መብራቱ ይበራል፣ ኩላንት በየጊዜው ይሞላል፣ ጋጣው ውስጥ ከሥሩ ካርቶን ቢያነጥፍም አንዲት ጠብታ አልታየችም። ሌላ ቦታ ወስዶት የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን አናት ከአካሉ ጋር የሚያሽገው ስስ ነገር፣ ነው ብለውታል። ያ ማለት ሞተሩን መክፈት ነው፣ ያ ማለት ደግሞ ብዙ ብር ነው።

እኔ ሞተር በግምት መክፈት አልወድም። የሚፈስ ነገር የትም ይፍሰስ፣ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጣሁ። ኩላንት ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ቢሆን ኖሮ አንዱ ካንዴላ ከሌላው ተለይቶ የታጠበ ይመስል ነበር፣ ጭሱም ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ይሆን ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። ቀጥሎ የውኃ ፓምፑ። ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ የውስጡ ጎማ ሲያረጅ በእሷ ያንጠባጥባል። ብዙ ሰው ቀዳዳዋን አይቶ ይደፍናታል፣ እባካችሁ አትድፈኑ፣ የተሠራችው ልትነግራችሁ ነው። እሷም ደረቅ ነች።

ከዚያ ግፊት መሞከሪያውን ገጠምኩ። በእጅ የሚነፋ ፓምፕ ነው፣ ላዩ ላይ ግፊት የሚያሳይ ባለ መርፌ ሰዓት አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ኩላንቱን ክዳኑ እስከሚችለው ግፊት ትነፋዋለህ፣ ከዚያ ቆመህ መርፌውን ታያለህ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ይወጣል። አልወረደም! ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ፣ እዚያው ነው። አለቃዬ "ደህና ነው፣ ስጠውና ይሂድ" ማለት ጀመረ።

ግን ጋራዡ ሞቃት ነው። ሰውዬው ያ ነገር የሚፈስበት ቦታ ሞቃት አይደለም። ስለዚህ ማታውን ውጭ አሳደርኩት። ጧት ጃኬትና ጓንት አድርጌ፣ እዚያው ብርዱ ላይ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ነፋሁት። መርፌው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ፣ ጣቴ ደንዝዞ እየሳቅሁ ነበር።

ብርድ ሲበረታ ኩላንቱ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። አልሙኒየሙም ይኮማተራል፣ ግን ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም። ጎማውን ቧንቧው ላይ ያሰረው ብረት በካቻቢቴ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ፣ ባለበት ይቀራል እንጂ ተከትሎ አይጠብቅም። በመሀል የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል። ሞተሩ ሲሞቅ ሁሉም ነገር ያብጥና ይዘጋል። ጋራዥ ስታስገባው ደግሞ ጤነኛ ነው። መካኒክን እብድ የሚያደርግ ነገር ነው።

በባትሪና በትንሽ መስታወት ፈልጌ አገኘሁት። የኋላው ማቀዝቀዣ ጋ፣ ጎማው ከአልሙኒየሙ በሚገናኝበት ቦታ። ጠብታው ወለል ላይ ያልታየው የሚወርደው ሰንሰለቱ ላይ ስለሆነ ነው። ሲነዳ ሰንሰለቱ ከበረዶው ጋር አፍሶ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ሲቆም ደግሞ እዚያው ከተጋገረው በረዶ ጋር ይጣበቃል። ካርቶኑ ምን ያድርግ!

ሥራው ራሱ ቀላል ነበር። የቧንቧውን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ማሰሪያውን በስፕሪንግ ተካሁት፣ ስፕሪንግ ጎማው ሲኮማተር አብሮ ይጠብቃል። ረጅሙ ሥራ አየር ማስወጣት ነው። መስመሩ ረጅም ስለሆነ አየር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይታሰራል። እንደ ሞዴሉ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ የአየር ቡሎኗን ፈታ አድርጎ፣ በትዕግሥት መሙላት ነው። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ የኋላውን ማቀዝቀዣ በእጅ መንካት። እሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሞተሩ ከጋለ አየሩ ገና አልወጣም። የምንሞላው ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውኃ ነው፣ እስከ ዜሮ በታች 37 አካባቢ አይረጋም። ባዶ ውኃ ብትሞላበት ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምርና ሞተሩን ይሰነጥቀዋል።

ይህን ታሪክ እራት ላይ ሳወራ የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "ጋሼ፣ የእኔም ሚኒባስ እኮ ውኃ ትጠጣለች" አለ። ለካ እሱንም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው ብለውታል። ገንዘብ ሊበደር ነው። መቀመጫው ሥር ጄሪካን ውኃ ይዞ ነው የሚዞረው። አባይ በረሃን ሲወጣ የኖረ ሹፌር ጄሪካን መያዙ አይገርምም፣ ከተማ ውስጥ ግን በየምልልሱ መሙላት ጤና አይደለም።

"በረዶ የለ፣ ብርድ የለ፣ ምን ይደረጋል?" አለ። የታኅሣሥ ጧት ለባሕር ዳር ብርድ ነው፣ ለሥራችን ይበቃል። በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ግቢ ውስጥ ገባንባት። ዘይቱን አየን፣ ውኃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። አስነስተን የራዲያተሩን አፍ አየን፣ አረፋ አይተፋም። ስለዚህ አጥፍተን ቴስታታውን ለጊዜው ተውነው። ግፊት መሞከሪያ የለንም። አንድ ያረጀ የራዲያተር ክዳን ፈልገን መሀሉን በሳነው፣ አየር የሚነፋበትን የካላማዳሪ ቫልቭ አስገብተን አጠበቅነው። ትርፍ ውኃ የሚወጣባትን ቀጭን ቱቦ ቆንጥጠን ዘጋን። ከሰፈሩ ጎሚስታ ባለ ሰዓት ፓምፕ ተዋስን። ጎሚስታው ፓምፑን ብቻውን አልሰጠንም፣ አብሮ መጣ። የሰፈር ልጆችም መጡ።

ክዳኑ ላይ 0.9 ተጽፏል፣ የሚይዘው ግፊት በባር ማለት ነው፣ እስከዚያ ነፋነው፣ አላለፍንም። ከዚያ ዝም። መርፌው ይወርዳል። ከፊት ምንም የለም፣ ራዲያተሩም፣ ጎማዎቹም፣ ፓምፑም ደረቅ። የአክስቴ ልጅ ከሥሯ ተኝቶ "ከኋላ! ከኋላ!" እያለ ጮኸ።

ሚኒባሷ ከውጭ ስትመጣ ለኋላ ወንበር ማሞቂያ ነበራት። ለማሞቂያው ሁለት የብረት ቧንቧዎች ከወለሉ ሥር እስከ ኋላ ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ማን ማሞቂያ ይከፍታል? ማንም አያስታውሳቸውም። ግን ውኃው ዓመቱን ሙሉ ያልፍባቸዋል፣ ያውም ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውኃ፣ ሲያመቸው ደግሞ የጣና ውኃ። አንደኛው ዝጎ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አውጥቷል። የሚፈሰው መንገድ ላይ ነው፣ ጋለ ብሎ የሚወጣው ውኃ ወዲያው ይደርቃል፣ ስለዚህ ከቆመችበት ቦታ ምልክት የለም።

ብርድ በሌለበት አገር ኩላንት ለምን ይሉኛል። አንደኛ ዝገት ይከላከላል፣ ይኸው ቧንቧው ምስክር ነው። ሁለተኛ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር እዚያ ሙቀት አጠገብ ነው የሚሠራው። ውኃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፣ 0.9 ሲይዝ ከ110 በላይ ድረስ ይታገሣል። ያች መርፌ የምታህል ቀዳዳ ግፊቱን ስትለቀው ግን ሞተሩ ገና ጄሪካኑ ሳያልቅ ይፈላል።

ሁለቱንም ቧንቧዎች ከፊት ቆርጠን በአንድ አጭር ጎማ አገናኘናቸው፣ ውኃው ወደ ኋላ መሄዱን ተወ። የኋላው ማሞቂያ በዚያው ተሰናበተ። ከቀናት በኋላ ጧት ስንለካው አልጎደለም። ከዚያ ነው አፍስሰን ኩላንትና ውኃ እኩል የሞላነው። የተረፈውን ኩላንት ግን ግቢ ውስጥ በክፍት ጣሳ እንዳትተዉት፣ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ውሻም ልጅም ይገድላል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ያችን የተበሳች ክዳን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ይዟታል። ትናንት ሁለት ባለ ሚኒባሶች ሊዋሱት መጡ። አንደኛው ሞተሩ እየጋለ ነበር የመጣው፣ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ነው የያዝኩት። ጧት ና፣ ሳታስነሳት ና ብለን መለስነው።