ፍሬሙን ነው ወይስ ሰውየውን?

የድሮ ፎቶ እንደምሰበስብ የሚያውቁ የደሴ ጓደኞቼ የንጉሥ ሚካኤልን ወይም የልጅ ኢያሱን የምፈልግ ይመስላቸዋል። እሱንማ ማን ይጠላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ የማድነው ከባሕር ማዶ መጥተው ለኢትዮጵያ የተሰለፉ መኮንኖችን ጉርድ ፎቶ ነው።

ያውም ሁሉንም አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ላይ ዕጩ መኮንኖችን ያሠለጥኑ የነበሩት እነ ካፒቴን ታም ስዊድናውያን፣ ክቡር ዘበኛን ያሠለጠኑት ቤልጅጎችም ሸጋ ሰዎች ናቸው። ግን ኮንትራታቸው ሲያልቅ የሚመለሱበት አገር ነበራቸው። እኔን የሚይዙኝ መመለሻ ያጡት ናቸው። ኮሎኔል ኮኖቫሎቭ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዛሩ ጦር መኮንን ነበር፤ የሩሲያ አብዮት አገር አልባ አደረገውና መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን በወረረን ጊዜ ማይጨው ላይ ከጃንሆይ ጋር ተገኘ። ኦጋዴን ውስጥ ምሽግ ያስቆፍር የነበረው ወሂብ ፓሻም ያው ነው፣ ያገለገለው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ከካርታ ጠፍቶበታል። ባቢቼፍ ደግሞ ከአብዮቱ በፊት በምኒልክ ዘመን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሩሲያዊ ነው፤ ልጁ ሚሽካ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ሆነ።

ደሴ በዚያ ጦርነት የጃንሆይ ጠቅላይ ሠፈር ነበረች፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደብድባለች። ስለዚህ እዚህም የሆነ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር አይጠፋም ብዬ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን እዞራለሁ። አንዱ ሻጭ «ወንድሜ፣ ፍሬሙን ነው ወይስ ሰውየውን?» አለኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ሰው ፍሬሙን ገዝቶ ፎቶውን ይጥለዋል።

ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ቀጥሎ ወደ ብርሃን ዘንበል አደርገዋለሁ፤ የጥንቱ ብር ያለው ወረቀት ሲያረጅ ጥቁሩ ቦታ ላይ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ የዛሬ የኮምፒውተር ኅትመት ግን በአጉሊ መነጽር ነጠብጣቡ ይታያል። ጀርባው ላይ በቢክ እስክሪብቶ «1928» ከተባለ ያ ጽሑፍ በኋላ የተጨመረ ነው፣ ቢክ ያኔ አልነበረማ። ፎቶው ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

የሚያናድደኝ ላሚኔት ነው። በሙቀት ተጣብቆ ይቀራል፣ ላላቅህ ብትሉት ምስሉ አብሮ ይነሣል። እባካችሁ ወሎ ያላችሁ፣ የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ የማታውቁት ፈረንጅ ባለማዕረግ ከተገኘ ላሚኔት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ በስልክ አንሡና ላኩልኝ፣ ፎቶውን ራሱን አልጠይቅም።