በእቴጌ ምንትዋብ ዱካ፦ ከናርጋ እስከ ቁስቋም

እቴጌ ምንትዋብን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ግንብ እንዳሠሩ፣ ከልጃቸውም ጋር ዘውድ ጭነው አገር እንዳስተዳደሩ ንግሥት ነው። እኔ ግን በጣናና በጎንደር በነበረኝ ጉዞ የተከተልኩት ባል የሞተባትን፣ ሕፃን ልጅ ይዛ የቀረችውንና ቤተሰቧን በሁለት እጇ ደግፋ ለማቆም ዕድሜዋን የጨረሰችውን እናት ዱካ ነው።

ጉዞው የተጀመረው ከባሕር ዳር ነበር። ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚወስደው የጀልባ መንገድ ረጅም ስለሆነ ማልዶ መነሣት ግድ ይላል፤ ነፋሱ ሳይነሣ ሐይቁ ላይ ያለው ሰዓት ግን እንቅልፍን የሚያስረሳ ነው። ናርጋ ከደቅ ደሴት በስተ ምዕራብ በኩል የሚገኝ፣ እቴጌዪቱ ያሳነጹት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ስለሆነ ዐይን የቱ ላይ እንደሚያርፍ ይቸግረዋል። እኔ የፈለግሁትን ያሳዩኝ አንድ ቄስ ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ያን ጊዜ በአገሩ ከእርሳቸው በላይ ትእዛዙ የሚፈጸም ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ሠዓሊው ግን እንደ አንዲት ተማጻኝ እናት አድርጎ መሬት ላይ አስተኝቷቸዋል። እንዲህ ሆነው መሣልን እርሳቸው ራሳቸው ሳይፈቅዱ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ከባሕር ዳር ጎንደር ያለውን መንገድ በአውቶቡስ ስለሄድኩና መንገዱ የሚታወቅ ስለሆነ አልዘረዝረውም። በፋሲል ግቢ ውስጥ የምንትዋብ ግንብ ከባለቤታቸው ከዐፄ በካፋ ግንብ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። የአካባቢው አፈ ታሪክ እንደሚለው በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው ሲጓዙ ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ባላገር ቤት ያርፋሉ፤ ያስታመመቻቸውም የቤቱ ልጅ ነበረች። ታሪኩ እውነትም ይሁን ማስዋቢያ፣ የቋራዋ ልጅ የቤተ መንግሥት ሕይወቷን የጀመረችው በማስታመም ነው መባሉ ከኋለኛው ኑሯቸው ጋር ይስማማል። በካፋ በ1723 ዓ.ም. መባቻ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናት ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ብዙ ሳይቆይ ሸማቂዎች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ግቢውን ከበቡት፤ ዛሬ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ በሚነሡበት በዚያው አጥር ውስጥ እናትና ልጅ ከበባውን ተቋቁመው አለፉ። ግቢውን ስዞር ከግንቦቹ ቁመት ይልቅ ደጋግሜ ያየሁት የአጥሩን በሮች ነው።

ቁስቋም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለ ኮረብታ ላይ ነው። እስከ ግርጌው ባጃጅ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በእግር መውጣት ይሻላል፤ ምክንያቱም በየዛፉ ጥላ ሥር ሆነው ዜማ የሚቀጽሉ የቆሎ ተማሪዎች ድምፅ የሚሰማው በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። እቴጌዪቱ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲተክሉ በኖራና በድንጋይ ብቻ አልተወሰኑም፤ ለካህናቱና ለሊቃውንቱ መተዳደሪያ የሚሆን ሰፊ ጉልት መደቡለት፣ ለራሳቸውም መኖሪያ ቤተ መንግሥት ከጎኑ አሠሩ። የበዓሉ ምርጫም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ቁስቋም እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ልጇን ይዛ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ስፍራ ነው፤ በዓሉም ከአርባው ቀን የጽጌ ጾም በኋላ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። በተከበበ ግቢ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ታሪክ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም።

ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የቀረው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነው። ቢሆንም ቀረብ ብሎ ላየው በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ጠርዛቸው ገና አልተበላም፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ሣር በቅሏል፣ በሣሩ መካከል አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ስለጠፋ አሁን ያለው በኋላ የተሠራ ነው። ቁልፍ ይዘው የመጡት ሽማግሌ አባት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝና መስታወት የተገጠመበትን ሣጥን አሳዩኝ። በውስጡ የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አጽም አንድ ላይ ይገኛል።

«አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ» አሉኝ አባ። «ሁለቱንም የቀበሩ እርሳቸው ናቸው፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ መንበሩ ለኢዮአስ ተላለፈ፤ እቴጌ ምንትዋብም የልጅ ልጃቸውን ሞግዚት ሆነው ለማስተዳደር እንደገና ተነሡ። አሁን ግን በቤቱ ውስጥ ሌላ እናት አለች። የኢዮአስ እናት ውቢት የራሷን የኦሮሞ ዘመዶች ይዛ ስትቀርብ፣ አያቲቱ በበኩላቸው ከወንድማቸው ከራስ ወልደ ልዑል ጀምሮ ሹመቱን ሁሉ በቋረኞች ሞልተውት ነበር። ለዘመድ ያላቸውን ፍቅር አደንቃለሁ፤ መንግሥትን እንደ ቤተሰብ ጓዳ ማስተዳደራቸው ግን ውሎ አድሮ ዋጋ አስከፍሏል። ነገሩን በጋብቻ ለማሰር የሞከሩት እንኳ አልያዘላቸውም፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልታሽን ለትግሬው ገዥ ለሚካኤል ስሑል ልጅ ዳሩ፣ ሚካኤል ግን በ1761 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው ኢዮአስን አስገደሉ። እቴጌዪቱ ከዚያ በኋላ ከአደባባይ ርቀው በዚሁ በቁስቋም ተቀመጡ።

ያም ሆኖ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ልጆቹን እንዲያክም የጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከታማሚዎቹ መካከል የሌላዋ ልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ይገኝ ነበር። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ሲጣደፍ አይተው የነገሩትን እርሱ ጽፎት ቀርቷል፦ እርሱ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ አንድ ወንዝና ረግረግ ለማየት ሲደክም፣ የነገሥታት እናት የሆኑት እርሳቸው ደግሞ ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም ለመድረስ፣ በጌታ መቃብር ደጅ ለምነው ለማደርና እዚያው ለመቀበር ሌት ተቀን ይመኛሉ።

ይህን ለአባ ስነግራቸው የሰሙት ነገር አልነበረም። ጥቂት አሰቡና፣ «ቢሄዱማ ኖሮ ሕፃናቱን ማን ያስታምም ነበር?» አሉ። ከዚያም ለቁስቋም በዓል ተመልሼ እንድመጣ፣ ያን ዕለት ግን ኮረብታው በሕዝብ ስለሚሞላ ሌሊቱን ሳይነጋ እንድነሣ መከሩኝ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ኢየሩሳሌም አልደረሱም።