ዝገቱን ማን አዘዘ?

ዕቃውን ያመጣው ጀርመን የሚኖር የድሬዳዋ ተወላጅ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት 26 ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር የጭነት ባቡር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ወጣ። ጀርመኖቹ «ክፍል 50» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ያመረቱት፣ አምስት ጥንድ ነጂ ጎማ ያለው ነው፤ ሞዴሉ በ1 ለ87 ልኬት ተሠርቷል። ትእዛዙ ሁለት ነው። እየተንገጫገጨ ስለሚቆም ይጠገን፤ የፕላስቲክ ማብለጭለጩ ጠፍቶ ደግሞ «የድሬን ባቡር ይምሰል»። ጣጣውን ያመጣው ይቺ ሁለተኛዋ ናት።

ጥገናው ለጋሼ፣ ቀለሙ ለልጁ ተሰጠ። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሙያውን የለመዱት እንፋሎት ሲፈቱና ሲገጥሙ ከኖሩ ሰዎች ሥር ነው። ልጁ ባጃጅና ታፔላ ቀቢ ነው። እጁ አይታማም።

ጋሼ በመጀመሪያ ያነሱት ማስመሪያ ነው። የሚሄድበትን ሐዲድ ስፋት ለኩ፤ 16.5 ሚሊ። በ87 አባዙት።

«1435። ይሄ የኛ አይደለም። የኛ የድሮው ሐዲድ አንድ ሜትር ነው፤ በዚህ ልኬት 12 ሚሊ እንኳ አይሞላም።»

ቀጥለው ሞተር ፍለጋ የውሃ ማፍያውን፣ ቦይለሩን ፈቱ። ውስጡ ለክብደት የገባ ብረት ብቻ ነው። ሞተሩ ያለው ከኋላ፣ ከሰልና ውሃ በሚጭነው ተጎታች ውስጥ ነው።

«ሎኮሞቲቩን የሚገፋው ተጎታቹ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ፊት ያለው ምን ይሠራል?»

«ያምራል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። የቆዩ ሞዴሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ጉዳት የለውም፤ ብልሽት ለመለየት እንዲያውም ይመቻል። ተጎታቹ እየገፋ የፊት ጎማዎቹ ሳይዞሩ ከተንሸራተቱ ችግሩ ያለው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ ላይ ነው። የግራውና የቀኙ ዘንግ በ90 ዲግሪ ተለያይተው ነው የሚገጠሙት፤ አንድ ጎማ አክሱ ላይ ትንሽ ከዞረ ሁሉም ይነክሳል።

የዚህኛው በሽታ ሌላ ነው፤ ዘይት በዝቶበታል። ዘይት ከድሬ አቧራ ጋር ሲገናኝ ጎማው ላይ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፤ ሞተሩ ከሐዲዱ በጎማው በኩል የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ቅርፊቱ አያሳልፍም። ጋሼ ቅርፊቱን ያነሱት የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል እየነከሩ ነው። ብርጭቆ ወረቀት አላስነኩትም፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይሰበስባል። ጎማው ሐዲዱ ላይ እንዳይንሸራተት የተጠለቀለትን፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠውን የመቆንጠጫ ላስቲክ ደግሞ ለማጠብ ሳይሞክሩ ቀየሩት። ጥርሶቹ ላይ የደረቀውን ግሪስ አራግፈው ፕላስቲክ የማይበላ ግሪስ የስፒል ራስ ያህል አደረጉ። ለአክስ ጫፎችና ለዘንግ መገጣጠሚያዎች ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። ከዚያ ያለ ጭነት ወደፊትም ወደኋላም አስኬዱት። ሞተሩ የ12 ቮልት ዲሲ ነው፤ ግማሹ ላይ ሰዓት የሚመስል ድምፅ ብቻ ቀረ።

ልጁ በበኩሉ ቦይለሩን ፈታትቶ ወስዶ የጠመኔ ዱቄት ከቀይና ከቡናማ ቀላቅሎ ከላይ እስከ ታች ዝገት አልብሶ መለሰው። በጣም ያምራል። ጋሼ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የሞተ ነው።»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ሥራ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ይቆሽሻል እንጂ እንዲህ አይዝግም። ዘይት አለው፣ ጥቀርሻ አለው፣ በየጊዜው ይወለወላል። ዝገቱ የት ይቀመጣል?»

«አቦ ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን ነው የቀባሁት።»

«የት ነው ያየኸው?»

«ግቢው ውስጥ።»

ጋሼ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ልጁ የሚያውቀው ቆመው የቀሩትን ፉርጎዎች ነው፤ ሲጮኽ የሰማው ባቡር የለም። ያም ሆኖ በሙያው ጋሼ ትክክል ናቸው፤ ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት ዕቃው ሥራ ላይ ነው ወይስ ተጥሏል የሚለው መወሰን አለበት።

ዱቄቱ በቫርኒሽ ስላልታሰረ በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና ለቀቀ። እንደገና ሲጀመር መጀመሪያ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ተነፋ፤ በጠዋት፣ ምክንያቱም ወደ እኩለ ቀን ሲነፋ አየር ላይ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ያርፋል። ቀጥሎ አንድ እጅ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ በአሥር እጅ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተጨምሮበት፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ ተጠረገ፤ በአግድም የተጠረገ የዝናብ መንገድ አይመስልም። የቦይለሩ ጀርባ ላይ ከጭስ ማውጫው ጀምሮ የከሰል ዱቄት። ከሴፍቲ ቫልቩና ቦይለሩ ከሚታጠብባቸው ቀዳዳዎች ክዳን ሥር ነጭ ጅራት።

«ነጩ ምንድን ነው?» አለ ልጁ።

«የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አላየኸውም? ቦይለርም ያው ነው።»

የታችኛው ክፍል የተቀባው ጎማዎቹ በዝግታ እየዞሩ ነው፤ አለዚያ ከዘንጉ ጀርባ ቀይ የፋብሪካ ቀለም በጎማው ቅርጽ ይቀራል። ሐዲድ የሚነካው ጠርዝ ወዲያው ተጠረገ። ሥራ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ወጣ፤ ጋሼ ራሳቸው መስኮት ላይ አስቀመጡት።

ባለቤቱ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ቆንጆ ነው። ግን ዝገቱስ?»

«የምን ዝገት?»

«የድሬን ባቡር ይምሰል ብያለሁ እኮ። እኔ የማስታውሰው የቆመውን ነው።»

ልጁ ወደ ጋሼ አላየም፤ ይህ ጨዋነቱ ነው። ሥራው ተመለሰ፤ ዝገቱም ተመለሰ፣ አሁን በጥቀርሻው ላይ፤ እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይሻላል። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ለማስጣል ሞከሩ።

«ቢያንስ ዘንጉን ተወው።»

«ጋሼ፣ ቆሞ ከቀረማ ቀድሞ የሚዝገው ቀለም የሌለው ዘንጉ ነው።»

እውነቱን ነው። ዘንጉ የቀጠነ ቡናማ ቀለም መሐሉ ላይ ብቻ ተቀባ፤ ዱቄት ወደ መገጣጠሚያው ከገባ ከዘይቱ ጋር ሆኖ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በቫርኒሽ የታሰረውም ዘንጉና ጎማው በወረቀት ተሸፍነው ነው። ሂሳቡ ላይ ቀለም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ያጻፉት ጋሼ ናቸው።