የእማማ ጣራ

ጓደኛዬ ለማስተርሱ ወሎ ውስጥ የትኛው የሌሊት ወፍ የት እንደሚገኝ ያጠናል። መረብ የሚሸከምለት ሰው ሲያጣ እኔን ይዞኝ ወጣ። እስከ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእንቅልፍ ጨረስኩት። በደንብ የነቃሁት ሐይቅ ከተማ ላይ፣ በባጃጁ ዋጋ ነው። ልጁ ረጃጅሙን የመረብ ዘንግ ሲያይ 300 ብር አለን። ከፈልን። የአገሬው ሰው 20 ብር እንደሚከፍል የሰማነው በኋላ ነው።

መረቡን 12 ሰዓት ላይ ሾላ ዛፍ አጠገብ ዘረጋነው። ክሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ እኔ ራሴ ሁለቴ ተያዝኩበት። ሾላ ሲበስል ፍሬ በል የሌሊት ወፍ አይጠፋም ተብዬ ነበር። ጠፋ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። እንዲህ ስትደምቅ ጉጉት እንዳያያቸው ገላጣ ላይ እምብዛም አይበሩም።

«ይህን እያወቅህ ለምን ዛሬ?» ብለው፣ «እረፍት የሰጡኝ አሁን ነዋ!» አለኝ።

እስከ 6 ሰዓት ቆይተን አንድ ጢንዚዛ ይዘን ተመለስን። 400 ብር በከፈልኩበት አልጋ ላይ ደግሞ ቁንጫ ሲበላኝ አደረ።

ጠዋት አንዲት እናት ከደጃቸው ጠርተው ቡና ላይ አስቀመጡን። እኛ ሰፈር የማላውቀው ሰው ቡና ቢጠራኝ፣ ምን ሊሸጥልኝ ነው ብዬ እሸሻለሁ።

«ሌሊቱን ምን ስትፈልጉ ነው የቆያችሁት?»

«የሌሊት ወፍ ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ጣራዬን ሞልቶት የለ! አብሽሩ፣ ማታ ኑ።»

ጓደኛዬ ከግድግዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ኩስ አንስቶ ፈተገው። ዱቄት ሆነ፤ ውስጡ የነፍሳት ክንፍ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። የአይጥ ቢሆን እንዲህ አይፈረፈርም።

ማታ ከቆርቆሮው ሥር አንድ በአንድ ይወረወሩ ጀመር። ስልሳ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋኝ። መረቡ አንዱን ያዘ። ጓደኛዬ የእብድ ውሻ በሽታን ፈርቶ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቋል። የሌሊት ወፉ ክንድ 38 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 11 ግራም። ጅራቱ ከክንፉ ቆዳ አልፎ እንደ አይጥ ጅራት ወጥቷል። ክንፈ ጠባብ ስለሆነ ከመሬት መነሳት ያቅተዋል አለና ምሰሶው ላይ ለጠፈው። ወደ ላይ ቧጠጠ፣ ራሱን ለቀቀ፣ ጠፋ።

«እንዴ ልጄ፣ ለቀቅኸው?» አሉ እማማ። «እኔ እኮ ሁሉንም ይዛችሁልኝ የምትሄዱ መስሎኝ ነው!»