ጥቁር መምህራንና ቤተኝነት፦ የጥናት ንድፌ የደረሰበት

ፕሮፖዛሌ መልክ እየያዘ ነው። ኳሊቴቲቭ ጥናት (ከቁጥር ይልቅ በሰዎች ቃልና ገጠመኝ ላይ የሚቆም) ለጀመራችሁ ጓደኞቼ ያለሁበትን ላካፍላችሁ። ጥናቱ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለሚያስተምሩ ጥቁር መምህራን ነው። በሥራ ቦታቸው መቼ ቤተኛ፣ መቼ ባይተዋር እንደሚሆኑ ከራሳቸው አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

«ለምን መጠይቅ በትነሽ አትገላገይም?» ያለኝ ብዙ ነው። መጠይቅ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ደግሞ ሞልቷል። በ2020-21 የትምህርት ዘመን ከአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ጥቁሮቹ 6 በመቶ ገደማ፣ ነጮቹ 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከተማሪው ግን ጥቁሩ 15 በመቶ ያህል ነው። አንድ መምህር «በትምህርት ቤቴ ቤተኛ ነኝ» ለሚል ዓረፍተ ነገር ከአምስት ሦስት ቢሰጥ፣ የጎደሉት ሁለቱ የት እንደቀሩ መጠይቁ አይነግረኝም።

ታሪኩን ሳያውቁ ይህን ጥናት መንደፍም አይቻልም። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብራውን ጉዳይ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ትልቅ ድል ነው። ግን ተማሪዎቹ ሲቀላቀሉ ብዙ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በደቡብና በአዋሳኝ ግዛቶች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ከሥራ ወጡ። ጉዳዩ በተነሣባት በቶፔካ፣ ካንሳስ፣ ገና ፍርዱ ሳይሰጥ በ1953 ለጥቁር መምህራን «ለሚቀጥለው ዓመት ልንቀጥራችሁ አንችልም» የሚል ደብዳቤ ተልኳል። ስለዚህ የቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ላይ «ከቤተሰብዎ መምህር የነበረ አለ?» የሚል ጥያቄ አስገብቻለሁ። አያቷ በዚያ ዘመን ከክፍሏ የተባረረች መምህርትና ከቤተሰቧ የመጀመሪያዋ የሆነች መምህርት የሥራ ውላቸውን በአንድ ዓይን የሚያዩት አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት የጥያቄዎቹ አቀራረጽ ነው። «ቤተኛ እንደሆኑ ይሰማዎታል?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ የትም አያደርስም። ጨዋ ሰው «አዎ፣ ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ውሎ አወረድኩት። «ካስተማሩባቸው ቀኖች አንዱን፣ በበሩ ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ያለውን ይንገሩኝ።» ምሳ ከማን ጋር ተበላ? ተማሪ ሲረብሽ ወደ ማን ክፍል ይላካል? በፌብሯሪ የጥቁሮች ታሪክ ወር ዝግጅት ማን ላይ ይወድቃል? እነዚህን ከኪሴ አላወጣኋቸውም። ኤጁኬሽን ትረስት የተባለው ድርጅት በ2016 ባወጣው ጥናት ጥቁር መምህራን ከአስተማሪነታቸው ይልቅ እንደ ሥርዓት አስከባሪ እንደሚታዩ ተናግረዋል። በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ጆን ኪንግ እንዲህ ያለውን ትርፍ ሸክም «የማይታይ ግብር» ብለውታል።

አማካሪዬ ብዙም ያልጣማት፣ እኔ ግን ሙጥኝ ያልኩት ነገር ካርታው ነው። ተሳታፊው ባዶ ወረቀት ላይ የትምህርት ቤቱን ሕንጻ በእጁ ይስላል። ከዚያ ዘና የሚልበትን ቦታ በአንድ ቀለም፣ የሚሸማቀቅበትን በሌላ ያቀልማል። አንድ ሰው በዚያው ሕንጻ ውስጥ እዚህ ጋ ቤተኛ፣ እዚያ ጋ ባይተዋር ሊሆን ይችላል። ከተማሪዎቹ ጋር ሲሆን የሚያበራ መምህር፣ የመምህራን ማረፊያ ሲገባ የሚቀመጥበት ይጠፋዋል። ወይም በተቃራኒው። «ባጠቃላይ እንዴት ነው?» ካልነው ሁለቱ ተደምረው ለብ ያለ መልስ ይወጣል፤ ያ መልስ የማንንም ውሎ አይገልጽም። ካርታው ደስ የሚለውን ቦታም ስለሚጠይቅ ጥናቱ የብሶት መዝገብ ብቻ እንዳይሆን ይረዳል።

ማን ይካተት የሚለው ላይ ሀበሻ ጓደኞቼ አኩርፈውኛል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ቅጽ ሲሞሉም «ጥቁር» የሚለው ላይ ነው ምልክት የሚያደርጉት። ግን አላካተትኳቸውም። የቶፔካው ደብዳቤ የነሱ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ ስደትና የአነጋገር ዘዬ ደግሞ የራሳቸውን ጣጣ ይዘው ይመጣሉ። በትንሽ ናሙና ሁለቱን መደባለቅ ሁለቱንም ማደብዘዝ ነው። የኛ ሰዎች ለብቻቸው ጥናት ይገባቸዋል።

ይህ እኔንም ይመለከታል። መልኬ በር ይከፍትልኛል፣ ግን እስከ ሳሎን ድረስ ነው። አንድ አፍሪካ አሜሪካዊ መምህር «ያው ታውቂዋለሽ» ሲለኝ አንገቴን ነቅንቄ ማለፍ የለብኝም። «እኔ ያደግኩት ሌላ አገር ነው፣ ይንገሩኝ» ማለት እችላለሁ። ባዳነቴ እዚህ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አስባለሁ።

ስንት ሰው ይበቃል? ሁሉም የሚጠቅሰው የ2006ቱን የተመራማሪዎቹን የጌስት፣ የበንስና የጆንሰንን ጽሑፍ ነው። በጋናና በናይጄሪያ ካደረጓቸው 60 ቃለ መጠይቆች፣ በ12ኛው ላይ አዲስ ነገር መምጣቱ ከሞላ ጎደል ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ 12 እንደ ሕግ ተወሰደ። እነሱ ግን ተመሳሳይ ሰዎችን ስለ ጠባብ ጉዳይ ነበር የጠየቁት። እኔ ሰው ከማብዛት ያንኑ ሰው ደግሜ ባገኘው እመርጣለሁ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ የምስጢር ጉዳይ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ያለው ጥቁር የኬሚስትሪ መምህር አንድ ብቻ ከሆነ ስሙን መቀየር ምን ዋጋ አለው? ባልደረቦቹ በሁለት መስመር ያውቁታል። ስለዚህ ስም ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዓይነቱም፣ ወረዳውም፣ የአገልግሎት ዘመኑም ይደበዝዛል። ካርታዎቹ እንዳሉ አይታተሙም፤ ሕንጻውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ጥቅሶቹን ከማተሜ በፊት ባለቤቶቹ ያዩዋቸዋል፤ «ይህን አውጪው» ካሉ ይወጣል። ተሳታፊም በርዕሰ መምህር በኩል አልፈልግም፤ ያኔ ማን እንደተናገረ አለቃ ያውቃል ማለት ነው። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመምህራን ማኅበራትና እንደ ሃዋርድና ሞርጋን ስቴት ባሉ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን በኩል እሄዳለሁ።

ትንተናው የተመራማሪዎቹ የብራውን (Braun፣ ከፍርድ ቤቱ ጉዳይ ጋር አይገናኝም) እና የክላርክ የጭብጥ ትንተና ነው፤ ከቃለ መጠይቆቹ የሚደጋገሙ ሐሳቦችን ለይቶ ማውጣት ማለት ነው። ስለሱ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም።

ቀጣዩ የጥናት ሥነ ምግባርን የሚመረምረው ቦርድ ፈቃድ ነው። ከተሳካ የመጀመሪያውን ዙር ኦገስት ላይ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አደርጋለሁ፤ ሁለተኛውን በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው ከታንክስጊቪንግ በዓል በፊት። ስፕሪንግን አልነካውም፣ የፈተና ሰሞን መምህር ለራሱም ጊዜ የለውም። ያልቆረጥኩት ለተሳታፊዎች የምሰጠውን የስጦታ ካርድ መጠን ነው። ሲያንስ ጊዜያቸውን መናቅ፣ ሲበዛ ደግሞ ማባበል ይመስላል። እናንተ ስንት ሰጣችሁ?